መሣሪያው የሚያውቀው አድራሻ፦ የዲኤምኤ አድራሻ በድራይቨሮች ውስጥ ያለፈበት መንገድ

ቀጥታ የሜሞሪ ዝውውር፣ በባለሙያዎች አጠራር ዲኤምኤ፣ ዲስክ፣ የኔትወርክ ካርድ፣ የድምፅ ካርድና ሌሎችም መሣሪያዎች ፕሮሰሰሩ ባይት በባይት ሳያመላልስላቸው ራሳቸው ከዋናው ሜሞሪ የሚያነቡበትና ወደዚያው የሚጽፉበት አሠራር ነው። ፕሮሰሰሩ በድራይቨሩ አማካይነት የሚሰጠው ትእዛዝ አጭር ነው፤ ከዚህ አድራሻ ጀምረህ ይህን ያህል ባይት ጻፍ፣ ስትጨርስ አሳውቅ ይለዋል። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ሥራውን ይቀጥላል፣ ፕሮሰሰሩም ሌላ ፕሮግራም ያስኬዳል። የሥራው ክብደት ያለው «ከዚህ አድራሻ» በሚለው ላይ ነው።

አንድ የሜሞሪ ቦታ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ እስከ ሦስት አድራሻ ሊኖረው ይችላል። ፕሮግራሙና ከርነሉ የሚጠቀሙበት ቨርቹዋል አድራሻ አለ፤ ፕሮሰሰሩ እሱን ተርጉሞ ለሜሞሪው የሚያቀርበው ፊዚካል አድራሻ አለ፤ መሣሪያው በተሰካበት ባስ ላይ የሚያወጣው የባስ አድራሻም አለ። አንዱን ቤት ጎረቤት በባለቤቱ ስም፣ ቀበሌ በቤት ቁጥር እንደሚያውቀው ሁሉ ሦስቱም የሚያመለክቱት አንድ ቦታ ነው። የተሳሳተ አድራሻ የተሰጠው መሣሪያ ግን መልሶ አይጠይቅም፤ ዳታውን በተባለበት ቦታ ይጽፋል። እዚያ የነበረው የሌላ ፕሮግራም ሰነድ ይሁን የከርነሉ ሰንጠረዥ አይለይም። ጉዳቱ የሚታየውም ብዙ ጊዜ ቆይቶ፣ ከድራይቨሩ ጋር ምንም ዝምድና በሌለው የሲስተሙ ክፍል ነው። ስርዓተ ክወና ከሚጽፉ ሰዎች መካከል የድራይቨር ጸሐፊዎች ለዚህ አድራሻ ልዩ ጥንቃቄ የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥንቃቄው ደግሞ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም።

በመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች ጥያቄው ጨርሶ አልነበረም። ከቴፕ ወይም ከካርድ የሚመጣውን እያንዳንዱን ቃል ፕሮሰሰሩ ራሱ ተቀብሎ ወደ ሜሞሪ ያስገባው ነበር፤ ዝውውሩ እስኪያልቅም ስሌት ይቆማል። ይህን ካስቀሩት ቀደምት ማሽኖች አንዱ በ1958 ሥራ የጀመረው ሴጅ የተባለው የአሜሪካ የአየር መከላከያ ሥርዓት ኮምፒውተር ኤኤን/ኤፍኤስኪው-7 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ ማሽን ላይ መረጃ ከከበሮ ሜሞሪ ወደ ዋናው ሜሞሪ ሲተላለፍ ፕሮሰሰሩ ስሌቱን አያቋርጥም፤ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ የሜሞሪ ዑደት ብቻ ይለቃል። በዚያው ዘመን አይቢኤም 709 የተባለው ኮምፒውተር ዳታ ቻናል የሚባሉ ራሳቸውን የቻሉ የዝውውር ክፍሎች ይዞ ወጣ። በ1965 የቀረበው የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ፣ ማለትም የዴክ፣ ፒዲፒ-8 ደግሞ ይህንኑ ችሎታ ዋጋው ዝቅ ወዳለ ማሽን አመጣው። በፒዲፒ-8 አንዱ የዝውውር ዓይነት የቀሪውን ቃል ብዛትና የሚቀጥለውን አድራሻ በራሱ በሜሞሪው ውስጥ ያስቀምጥ ነበር፤ መሣሪያው በእያንዳንዱ ዝውውር ሁለቱን እያነበበ፣ አንድ እየጨመረባቸው ይመልሳቸዋል። በእነዚህ ማሽኖች ሁሉ ፕሮግራሙ የሚያውቀው አድራሻና መሣሪያው የሚያውቀው አድራሻ አንድ ስለነበር ድራይቨር ለሚጽፍ ሰው የሚያስቸግር ነገር አልነበረም።

አድራሻዎቹ የተለያዩት ቨርቹዋል ሜሞሪ ሲመጣ ነው። አይቢኤም በሚያዝያ 1964 ያስተዋወቀው ሲስተም/360 ቻናሎቹን በራሳቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች ያሠራ ነበር። የቻናል ፕሮግራሙ እያንዳንዱ ትእዛዝ 8 ባይት ሲሆን በውስጡ የትእዛዙ ዓይነት፣ 24 ቢት የዳታ አድራሻና የባይት ብዛት ይዟል። 24 ቢት 16 ሜጋባይት ይሸፍናል፤ በጊዜው እጅግ ሰፊ ነበር። ፕሮግራመሩ የቻናል ፕሮግራሙን በራሱ ሜሞሪ ውስጥ ጽፎ ለስርዓተ ክወናው ያስረክባል፣ ስርዓተ ክወናው ቻናሉን ያስነሳል። ነሐሴ 1972 ሲስተም/370 ቨርቹዋል ሜሞሪ ሲጨመርለት ግን ፕሮግራመሩ የጻፋቸው አድራሻዎች ሁሉ ቨርቹዋል ሆኑ። ቻናሉ ደግሞ እንደ ድሮው የሚያውቀው እውነተኛውን የሜሞሪ አድራሻ ብቻ ነው፤ የፕሮሰሰሩ ተርጓሚ ክፍል ለቻናሉ አይተረጉምለትም።

በዚህ ምክንያት ስርዓተ ክወናው አዲስ ሸክም ተሸከመ። የቻናል ፕሮግራሙን ወደ ራሱ ቦታ ይገለብጣል፤ እያንዳንዱን ቨርቹዋል አድራሻ ወደ እውነተኛው ይለውጣል፤ ዝውውሩ እስኪያልቅ ድረስም እነዚያ ገጾች ከሜሞሪ ወጥተው ወደ ዲስክ እንዳይሄዱ ይቆልፋቸዋል። መቆለፉ ከተረሳ ገጹ ለሌላ ፕሮግራም ይሰጥና ቻናሉ በዚያ ላይ ይጽፋል። ሌላም እንቅፋት ነበር። ለፕሮግራሙ ተከታታይ የሚመስል 10,000 ባይት ባፈር በ4 ኪሎባይት ገጾች ሲከፋፈል ሦስት ወይም አራት ገጽ ላይ ያርፋል፤ ገጾቹ ደግሞ በእውነተኛው ሜሞሪ ውስጥ እየቅል ሊሆኑ ይችላሉ። አይቢኤም ለዚህ ያዘጋጀው መፍትሔ በትእዛዙ ውስጥ አንድ አድራሻ ከማስቀመጥ ይልቅ የአድራሻዎች ዝርዝር ያለበትን ቦታ ማመልከት ነበር። ቻናሉ አንዱን ገጽ ሲጨርስ ከዝርዝሩ የሚቀጥለውን ያነባል። ዛሬ እያንዳንዱ የኔትወርክና የዲስክ መሣሪያ የሚጠቀምበት የተበታተነ ባፈር ዝርዝር ከዚህ ጋር በሐሳብ አንድ ነው።

ዴክ ለተመሳሳይ ችግር ሌላ መንገድ መረጠ፤ የኋለኛውን ዘመን አሠራር ይበልጥ የቀረጸውም የእሱ መንገድ ነው ማለት ይቻላል። የፒዲፒ-11 መሣሪያዎች ዩኒባስ በተባለው ባስ ላይ ይሰካሉ፤ የዩኒባስ አድራሻ 18 ቢት ስለሆነ 256 ኪሎባይት ብቻ ያያል። በ1975 የወጣው ፒዲፒ-11/70 ግን 22 ቢት አድራሻ ስለነበረው እስከ 4 ሜጋባይት ሜሞሪ ይይዝ ነበር። የዩኒባስ መሣሪያ ከ256 ኪሎባይት በላይ ያለውን ሜሞሪ በምንም መንገድ ሊጠራው አይችልም። መሐንዲሶቹ በባሱና በሜሞሪው መካከል 31 የማፕ ሬጅስተሮች አስገቡ። እያንዳንዱ ሬጅስተር የዩኒባስን አንድ 8 ኪሎባይት ክፍል በሜሞሪው ውስጥ ወደ ፈለገው ቦታ ያዞራል። መሣሪያው የሚያወጣው አድራሻ የሜሞሪው አድራሻ መሆኑ በዚህ አበቃ፤ ስርዓተ ክወናው ለጊዜው ያከራየው ቁጥር ሆነ።

በ1977 የወጣው ቫክስ-11/780 ይህንኑ አሠራር አሰፋው። የዩኒባስ አስማሚው 496 የማፕ ሬጅስተሮች ነበሩት፤ እያንዳንዱ አንድ 512 ባይት ገጽ ይሸፍናል። የቫክስ ድራይቨር ዝውውር ከመጀመሩ በፊት ለባፈሩ የሚበቃ ተከታታይ ሬጅስተር ይጠይቃል፣ የገጾቹን ቁጥር ይሞላባቸዋል፣ ለመሣሪያው የባስ አድራሻውን ይነግረዋል፤ ሲያበቃ ሬጅስተሮቹን ይመልሳል። ሬጅስተር ካላገኘ ወረፋ ይይዛል። በበርክሌይ የተጻፈው ዩኒክስ ይህን ሁሉ ለድራይቨሮቹ የሚሠራ አንድ የጋራ ተግባር ነበረው። ይህ ተግባር ከባፈሩ የመጨረሻ ገጽ ቀጥሎ ባዶ፣ ማለትም ወደ የትም የማያመራ ሬጅስተር ይጨምር ነበር፤ መሣሪያው ከተፈቀደለት በላይ ቢሄድ እዚያ ይቆማል። ማፕ መጠየቅ፣ መጠቀም፣ መመለስ፣ ከተሰጠው ክልል ውጪ የሚወጣን መሣሪያ መግታት፤ ዛሬ ዘመናዊ የሚባለው አሠራር አብዛኛው ክፍል በ1970ዎቹ መጨረሻ በቫክስ ላይ ይሠራ ነበር።

የግል ኮምፒውተር ዘመን ሲመጣ ይህ እውቀት ወደ ጎን ተተወ። አይቢኤም በነሐሴ 1981 ያወጣው ፒሲ ለዲኤምኤ የተጠቀመው ኢንቴል 8237 የተባለውን ባለ አራት ቻናል ቺፕ ነው። ቺፑ የሚያውቀው 16 ቢት አድራሻ ብቻ ሲሆን ፒሲው ግን 20 ቢት ያስፈልገው ነበር። የጎደሉት 4 ቢቶች ከቺፑ ውጪ፣ የገጽ ሬጅስተር በተባለ ሌላ ክፍል ተቀመጡ። ዋጋው ዝቅተኛ የነበረው ይህ መፍትሔ አንድ አደገኛ ጠባይ ነበረው። ቺፑ አድራሻውን እየጨመረ ሄዶ 65,535 ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ የገጽ ሬጅስተሩ ግን አይለወጥም። ዝውውሩ ወደሚቀጥለው 64 ኪሎባይት መሻገር ሲገባው ወደዚያው ክፍል መጀመሪያ ይዞራል ማለት ነው።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። ከፍሎፒ ዲስክ አንድ 512 ባይት ሴክተር ይነበብና በአድራሻ 65,200 በሚጀምር ባፈር ይቀመጥ እንበል። እስከ ድንበሩ ያለው ቦታ 336 ባይት ብቻ ነው። የቀሩት 176 ባይቶች አድራሻ ዜሮ ላይ ይጻፋሉ። በፒሲው ላይ ከአድራሻ ዜሮ ጀምሮ ያለው የኢንተራፕት ሰንጠረዥ ነው፤ እያንዳንዱ መግቢያ 4 ባይት ስለሆነ 44 መግቢያዎች ይጠፋሉ። የሰዓቱ፣ የኪቦርዱ፣ የራሱ የፍሎፒው፣ የዶስ የአገልግሎት መግቢያም ከነዚህ ውስጥ ናቸው። የሰዓቱ ኢንተራፕት በሰከንድ 18 ጊዜ ገደማ ስለሚመጣ ማሽኑ ወዲያው ይቆማል። ባዮሱ ይህን ስለሚያውቅ ድንበር የሚያቋርጥ ጥያቄ ሲቀርብለት ዝውውሩን ሳይጀምር የስህተት ቁጥር 9 ይመልስ ነበር። ባዮሱን ትቶ ቺፑን በቀጥታ የሚያዝ ድራይቨር ግን ይህን ጥበቃ አያገኝም፤ ድንበሩን ራሱ ማስላት ነበረበት።

በ1984 የመጣው ፒሲ/ኤቲ ሁለተኛ 8237 ጨመረና የአድራሻውን ወሰን ወደ 24 ቢት፣ ማለትም ወደ 16 ሜጋባይት አሳደገ። ዝውውሩ ግን አዝጋሚ ስለነበር የኤቲው ሃርድ ዲስክ ዲኤምኤን ትቶ ፕሮሰሰሩ ራሱ ዳታውን ወደሚያመላልስበት ዘዴ ተመለሰ። የ16 ሜጋባይቱ ወሰን እንደ አይኤስኤ ባስ ጠባይ ተተክሎ ከ20 ዓመት በላይ ከስርዓተ ክወና ጸሐፊዎች ጋር አብሮ ኖረ። እንደ አዳፕቴክ 1542 ያሉ ያለ 8237 እርዳታ ራሳቸው ሜሞሪ የሚጠሩ ካርዶችም ከዚህ ወሰን አላመለጡም፤ ባሱ ራሱ ከ24 የአድራሻ መስመር በላይ አልነበረውምና። ኮምፒውተሮች በ1990ዎቹ ከ16 ሜጋባይት በላይ ሜሞሪ መያዝ ሲጀምሩ ድራይቨሮች ወይ ባፈራቸውን ከታችኛው ክልል ይጠይቃሉ፣ ወይ ዳታውን መጀመሪያ ከታች ባለ መሸጋገሪያ ባፈር ተቀብለው ፕሮሰሰሩ ወደ እውነተኛው ቦታ እንዲገለብጠው ያደርጋሉ። ሊኑክስ እስካሁን የሜሞሪውን የመጀመሪያ 16 ሜጋባይት በፒሲ ላይ የዲኤምኤ ቀጠና ብሎ ለይቶ የሚይዘው ከዚያ በወረሰው ነው።

ዶስም ከችግሩ አልዳነም። የ386 ፕሮሰሰር የገጽ ትርጉም ይዞ ሲመጣ ኢኤምኤም386ን የመሳሰሉ የሜሞሪ አስተዳዳሪዎች ከዶስ ስር ሆነው ገጾችን ማዟዟር ጀመሩ። የዶስ ድራይቨር አድራሻዬ ፊዚካል ነው ብሎ ያምናል፤ እውነቱ ግን ሌላ ሆነ። የዲስክ ካርዱ በተሳሳተ ቦታ እየጻፈ የተጠቃሚዎች ፋይሎች ስለተበላሹ፣ ድራይቨሩ እውነተኛውን አድራሻ ከሜሞሪ አስተዳዳሪው የሚጠይቅበት ቨርቹዋል ዲኤምኤ ሰርቪስ የተባለ ስምምነት ተዘጋጀ። አይቢኤም በ1972 በትልልቅ ማሽኖቹ ላይ የመለሰው ጥያቄ እንደገና፣ በጠረጴዛ ላይ ማሽን ተነሣ።

ሊኑክስ በ1991 በ386 ላይ ሲወለድ ነገሩ ቀላል ነበር፤ የከርነሉ አድራሻና የባሱ አድራሻ የሚገናኙት በቀላል ስሌት ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ ከርነሉን በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ አልፋ ፕሮሰሰር ሲያሻግረው ግን ይህ እምነት ፈረሰ። በብዙ የአልፋ ማሽኖች ዋናው ሜሞሪ ከባሱ ሲታይ የሚጀምረው ከ1 ጊጋባይት ነው። ፕሪፕ በተባሉት የፓወርፒሲ ማሽኖች ደግሞ ከ2 ጊጋባይት ይጀምራል። በእነዚህ ላይ ፊዚካል አድራሻውን ለመሣሪያው የሰጠ ድራይቨር ዳታውን ወደ ባዶ ስፍራ ይልከዋል። ቶርቫልድስ ሦስቱን አድራሻዎች የሚለይ ማብራሪያ ጽፎ ከከርነሉ ጋር አስቀመጠ፤ ድራይቨሮችም ቨርት-ቱ-ባስ በሚባል ተግባር ቨርቹዋሉን ወደ ባስ አድራሻ እንዲለውጡ ታዘዙ።

ቨርት-ቱ-ባስ ለጊዜው ጥሩ አገለገለ፤ ጉድለቱ ግን ከመነሻው አብሮት ነበር። ይህ ተግባር አንድ አድራሻ ተቀብሎ ሌላ አድራሻ ያሰላል፣ ሌላ አያውቅም። የትኛው መሣሪያ እንደሚጠቀምበት፣ በየትኛው ባስ ላይ እንዳለ፣ መቼ ሥራው እንደሚያበቃ አይነገረውም። ሳን ማይክሮሲስተምስ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሠራቸው ማሽኖች ደግሞ ይህ መረጃ ግዴታ ነበር። በሳን-3 ማሽኖች የባሱ መሣሪያ የሚያወጣው አድራሻ በተርጓሚ ክፍል ያልፋል፤ የኋለኞቹ ስፓርክ ማሽኖች ለመሣሪያዎች ብቻ የተለየ ተርጓሚ፣ አይኦኤምኤምዩ፣ ነበራቸው። ባለ 64 ቢቱ አልትራስፓርክ ከ4 ጊጋባይት በላይ ሜሞሪ ሲይዝ፣ የሚሰኩበት የፒሲአይ ካርዶች ግን አብዛኞቹ 32 ቢት ብቻ ያውቃሉ። ካርዱ ሩቅ ያለውን ሜሞሪ የሚያየው በተርጓሚው ሰንጠረዥ ውስጥ መግቢያ ሲከፈትለት ነው፤ መግቢያው ደግሞ ካልተዘጋ ሰንጠረዡ ሞልቶ ሥራ ይቆማል። በስሌት ብቻ የሚሠራ ተግባር መግቢያ ሊከፍትም ሊዘጋም አይችልም። ዴቪድ ሚለር፣ ሪቻርድ ሄንደርሰንና ያኩብ የሊኔክ በሊኑክስ 2.4 ዋዜማ አዲሱን የፒሲአይ ዲኤምኤ መመሪያ ያወጡት ከስፓርክና ከአልፋ ልምድ ተነሥተው ነው። ሊኑክስ 2.4 በጥር 2001 ሲወጣ ድራይቨሩ አድራሻ ማስላቱን ትቶ ማፕ ጠያቂ፣ ሲጨርስም መላሽ ሆነ።

በዚህ ረገድ ኔትቢኤስዲ ሊኑክስን ቀድሞታል፤ ሥራውም ከሊኑክስ ይልቅ የተሟላ ነበር። በናሳ ኤምስ የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ጄሰን ቶርፕ በ1998 በዩዝኒክስ ጉባኤ ያቀረበው ጽሑፍ ባስ-ዲኤምኤ የተባለውን ማዕቀፍ ይገልጻል። እዚያ ድራይቨሩ የመሣሪያውን ገደብ አስቀድሞ ያሳውቃል፤ ስንት ቁራጭ መቀበል እንደሚችል፣ ትልቁ ቁራጭ ምን ያህል እንደሆነ፣ የትኛውን ድንበር ማቋረጥ እንደማይችል ይናገራል። የፒሲው 64 ኪሎባይት ድንበር እንኳ እዚህ አንድ የቁጥር መስክ ሆነ። ባፈሩን የማዘጋጀቱ ሥራ የማሽኑ ነው፤ በአልፋ ላይ በማፕ፣ በፒሲ ላይ በመሸጋገሪያ ባፈር ይፈጸማል፣ የድራይቨሩ ኮድ ግን አይለወጥም። ፍሪቢኤስዲም ይህንኑ ወሰደ። በሊኑክስ በኩል ጄምስ ቦቶምሊ በ2.5 የልማት ዘመን መመሪያውን ከፒሲአይ ነጻ አድርጎ ለሁሉም ባስ የሚሆን አደረገው፤ በታኅሣሥ 2003 ከሊኑክስ 2.6 ጋር ወጣ።

ዊንዶውስ ኤንቲ በሌላ አቅጣጫ ወደዚያው ቦታ ደርሶ ነበር። ቡድኑን የመራው ዴቭ ካትለር ከዴክ የመጣ፣ የቫክስ ስርዓተ ክወና የሆነው የቪኤምኤስ ሰው ስለሆነ፣ በ1993 የወጣው ኤንቲ ለድራይቨሮቹ ያቀረበው በማፕ ሬጅስተር የሚቆጠር አሠራር ነው። ፒሲ ደግሞ እንዲህ ያለ ሬጅስተር የለውም። ከርነሉ በምትኩ መሸጋገሪያ ባፈር ይሰጥና ድራይቨሩ ልዩነቱን ሳያውቅ ይሠራል።

የአዲሱ አሠራር ከባዱ ክፍል ከአድራሻው ይልቅ ካሹ ነው። በፒሲ ላይ ሃርድዌሩ መሣሪያው የሚጽፈውን ከፕሮሰሰሩ ካሽ ጋር ያስማማል። በብዙ የአርምና የሚፕስ ማሽኖች ግን አያስማማም፤ ስለዚህ ማፕ ሲከፈትና ሲዘጋ ከርነሉ ካሹን ማጽዳት ወይም መጣል አለበት። ድራይቨሩ የዝውውሩን አቅጣጫ፣ ወደ መሣሪያው ነው ወይስ ከመሣሪያው፣ እንዲናገር የሚገደደው ለዚህ ነው። የሚደርሰው ጥፋት በቅርብ ሲታይ እንዲህ ነው። የካሹ መስመር 64 ባይት ይሁን፤ ከመሣሪያው ዳታ የሚቀበል 48 ባይት ባፈር ካለ በኋላ በዚያው መስመር ላይ አንድ ቆጣሪ ይኑር። መሣሪያው ባፈሩን እየሞላ ሳለ ፕሮሰሰሩ ቆጣሪውን ቢጨምር መላው መስመር ወደ ካሽ ይገባል፣ አሮጌውን የባፈር ይዘት ጨምሮ። መስመሩ ወደ ሜሞሪ ሲመለስ መሣሪያው የጻፈውን አዲስ ዳታ ያጠፋዋል። ከርነሉ መስመሩን ቢጥለው ደግሞ የቆጣሪው ጭማሪ ይጠፋል። የድራይቨሩን ኮድ መስመር በመስመር ያነበበ ሰው ስህተቱን አያገኘውም፤ ያለው ሁለቱ ነገሮች በሜሞሪ ውስጥ ጎረቤት በመሆናቸው ላይ ነውና። መፍትሔው የዲኤምኤ ባፈርን ራሱን ችሎ ከከርነሉ የሜሞሪ አዳይ መጠየቅ ነው።

ሌላው ተደጋግሞ የሚታይ ስህተት ከተበታተነ ባፈር ዝርዝር ጋር የተያያዘ ነው። ተርጓሚ ያለው ማሽን የተበታተኑ ገጾችን ለመሣሪያው ተከታታይ አድርጎ ሊያሳያቸው ስለሚችል 10 ቁራጭ ገብቶ 3 ሊወጣ ይችላል። ድራይቨሩ መሣሪያውን ማዘዝ ያለበት በተመለሰለት 3 ነው፤ ማፑን ሲዘጋ ግን የሚሰጠው የመጀመሪያውን 10 ነው። ተርጓሚ በሌለው ፒሲ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ስለሚሆኑ የተሳሳተው ድራይቨር ለዓመታት ያለ እንከን ሲሠራ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለውን ለመያዝ እያንዳንዱን ማፕ እየመዘገበ በትክክል መዘጋቱን የሚፈትሽ መሣሪያ በ2009 በሊኑክስ ውስጥ ተጨመረ።

በ2003 ኤኤምዲ ኦፕቴሮንን ሲያወጣ 64 ቢት ወደ ፒሲው ዓለም ገባ፤ 32 ቢት ብቻ የሚያውቁት ካርዶች ግን አሁንም በየማሽኑ ነበሩ። ኤኤምዲ ለግራፊክስ ካርድ ተብሎ የተሠራውን የአድራሻ ማዞሪያ ለዲኤምኤ ተርጓሚነት ተጠቀመበት። የኢንቴል ባለ 64 ቢት ማሽኖች ይህም አልነበራቸውምና ሊኑክስ በሶፍትዌር ብቻ በሚሠራ የመሸጋገሪያ ባፈር ስብስብ ሸፈናቸው። ኢንቴልና ኤኤምዲ እውነተኛ ተርጓሚ ለፒሲ ያመጡት ከ2006 ገደማ በኋላ ነው፤ ዋናው ምክንያታቸውም ቨርቹዋል ማሽን አንድን ካርድ በቀጥታ እንዲይዝ ማስቻል ነበር።

ተርጓሚው የጸጥታ መሣሪያ መሆኑ የታወቀው ቀስ በቀስ ነው። ለረጅም ዘመን መሣሪያ ማለት በማሽኑ ባለቤት የተሰካ፣ የሚታመን ነገር ነበር። ከ2004 ጀምሮ ተመራማሪዎች በፋየርዋየር መሰኪያ በኩል የተቆለፈ ኮምፒውተርን ሜሞሪ ማንበብና መለወጥ እንደሚቻል አሳዩ። በ2019 ይፋ የሆነው ተንደርክላፕ የተባለው ጥናት ደግሞ ተርጓሚው ቢኖርም ስርዓተ ክወናዎች በአግባቡ እንዳልተጠቀሙበት አጋለጠ። ተርጓሚው የሚፈቅደው በገጽ፣ ቢያንስ በ4 ኪሎባይት ነው፤ ትንሽ ባፈር ያለበት ገጽ ሌላ የከርነል ዳታም ሊይዝ ስለሚችል መሣሪያው የማይገባውን ያያል። ማፑ ከተዘጋ በኋላም አፈጻጸምን ለማፍጠን ሲባል ፈቃዱ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ሳይሻር ይቆይ ነበር። ዊንዶውስ ከ2018 እትሙ ጀምሮ፣ ሊኑክስም ከ2019 ጀምሮ ከውጭ የሚሰኩ መሣሪያዎችን በጥብቅ ትርጉም ያሳልፋሉ።

የድሮው ስሌት ምን ያህል ስር ሰዶ እንደነበር የታየው በታኅሣሥ 2016 ሊኑክስ 4.9 ሲወጣ ነው። እስከዚያ ድረስ የከርነሉ ስታክ ያለበት ቦታ አድራሻው በመቀነስ ብቻ ወደ ፊዚካል የሚለወጥ ነበር። አንዲ ሉቶሚርስኪ ስታኩ ከወሰኑ ሲያልፍ ወዲያው እንዲታወቅ ብሎ በገጽ ትርጉም ወደሚገነባ ክልል ሲያዛውረው፣ ስሌቱ ትርጉም የሌለው ቁጥር መመለስ ጀመረ። ስታክን ለዲኤምኤ መጠቀም በመመሪያው አስቀድሞ የተከለከለ ቢሆንም፣ ጥቂት ባይት ብቻ የሚልኩ ብዙ የዩኤስቢ ድራይቨሮች ባፈራቸውን ስታክ ላይ ያስቀምጡ ነበር። የቴሌቪዥን መቀበያዎችና ሌሎች የዩኤስቢ ዕቃዎች ሥራ አቆሙ፤ ድራይቨሮቹም አንድ በአንድ መታረም ነበረባቸው። ለውጡ ትክክል ነበር፤ ጥፋቱ መመሪያውን የጣሱት ድራይቨሮች ነው።

የመሣሪያ ጠባብ እይታም ያለፈ ታሪክ አይደለም። በ2019 የወጣው ራስፕቤሪ ፓይ 4 እስከ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ይዞ ቀርቦ፣ ከውስጥ መሣሪያዎቹ አንዳንዶቹ ግን የመጀመሪያውን 1 ጊጋባይት ብቻ ያያሉ። ሊኑክስ ለእሱ ሲል በባለ 64 ቢት አርም ላይ 1 ጊጋባይት የሚሸፍን የዲኤምኤ ቀጠና ጨመረ፤ የፒሲውን 16 ሜጋባይት ቀጠና በሌላ ልክ ማለት ነው። መሸጋገሪያ ባፈርም ባልታሰበ በር ተመልሷል። ኤኤምዲ ኤስኢቪ በተባለው ዘዴ የቨርቹዋል ማሽን ሜሞሪ ይመሰጠራል፤ መሣሪያው ምስጢሩን ማንበብ ስለማይችል ዳታው ወደ ግልጽ መሸጋገሪያ ባፈር ይገለበጥለታል። ይህ ሲሆን የድራይቨሮቹ ኮድ አልተነካም፤ ማፕ የጠየቀ ሁሉ የሚገባውን አድራሻ አገኘ።

በ2022 የሊኑክስ አስተናባሪዎች የቀድሞውን የፒሲአይ ዲኤምኤ ተግባሮች ከከርነሉ አወጡ፤ በዚያው ዓመት ቨርት-ቱ-ባስም ከጋራው ኮድ ተሰርዞ ለጥቂት አሮጌ ማሽኖች ብቻ ቀረ። ዛሬ አዲስ ድራይቨር የሚጽፍ ሰው የመሣሪያውን ወሰን ለከርነሉ ያስታውቃል፣ ማፕ ይጠይቃል፣ መልሱ ስህተት አለመሆኑን ያረጋግጣል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። አድራሻውን በራሱ ስሌት የሚያወጣ ድራይቨር፣ በጸሐፊው ማሽን ላይ ቢሠራም እንኳ፣ የተበላሸ ድራይቨር ነው።